የጓያ መርዛማነትና «ጓያ አትብሉ» የሚለው ምክር፤ ሂሳዊ ቅኝት

ከመካነ ሰላም ተነሥቶ የበሽሎን ሸለቆ በመሻገር እስከ ደላንታ አምባ ድረስ በተዘረጋው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ዝናብ ያጠረበት ዓመት የቤተሰብን ጎተራ ብቻ ሳይሆን የወጣቶችን እግርም ሊነካ እንደሚችል ያለፈው ታሪክ ያስረዳል። የጤና ትምህርት ለዚህ ችግር ሲሰጥ የቆየው መልስ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ጓያ መርዝ ነውና አትብሉ» የሚል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክሩን ከሳይንሳዊው ማስረጃና ከገበሬው ማጀት አንጻር መመዘን ነው።

ጓያ ድርቅንም ሆነ ውኃ የተኛበትን ጥቁር አፈር የሚቋቋም፣ በፕሮቲን የበለጸገ ጥራጥሬ ነው። ጉዳቱ የሚመነጨው ቤታ-ኦዳፕ ከተባለው አሚኖ አሲድ ነው። ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ተመራማሪዎች የተለየ ሲሆን፣ በውኃ ይሟሟል፤ በሙቀትም ከፊሉ መርዛማነቱ ዝቅ ወዳለ ዓይነት ይለወጣል። በሰውነት ውስጥ የግሉታሜት ተቀባዮችን ከመጠን በላይ በማነሣሣት እንቅስቃሴን የሚመሩ የነርቭ ሕዋሳትን ይጎዳል። በሌላ በኩል ይኸው ንጥረ ነገር በአንድ የቻይና ጂንሰንግ ዝርያ ሥር ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚያ የሚታወቀው ደምን በማቆም ባሕርይው ነው። እንግዲህ «መርዝ» ወይም «መድኃኒት» የሚለው ስም ብቻውን ስለ መጠን፣ ስለ ጊዜና ስለ አወሳሰድ የሚነግረን ነገር የለም።

ለዚህ እውነታ የጀርማኒየም ኦክሳይድ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ይህ ነጭ ዱቄት በኢንፍራሬድ ሌንሶች፣ በኦፕቲካል ፋይበርና በፕላስቲክ ምርት ጠቃሚ ነው። በጃፓንና በሌሎችም አገሮች ግን ለጤና ይበጃል ተብሎ የተወሰደባቸው ሰዎች ለኩላሊት ድካም ተዳርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ቅኝት የጀርማኒየም ውጤቶችን ለረጅም ጊዜ ከመውሰድ ጋር የተያያዙ ቢያንስ 31 ሕሙማንን መዝግቧል፤ ከእነዚህም የሞቱ ነበሩ። የተወሰደው ጠቅላላ መጠን ከ15 እስከ 300 ግራም በላይ፣ ጊዜውም ከ2 እስከ 36 ወራት ነበር። ጀርማኒየም በምርጫና በማስታወቂያ ተወሰደ፤ ጓያ ግን የሚበላው ሌላ ሲጠፋ ነው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ጉዳቱ በአንድ ጉርሻ ሳይሆን በወራት ድግግሞሽ መምጣቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በደላንታ አካባቢ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያው ተረፈ፤ የጓያ ሽባነት ወረርሽኝም ተከተለ። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1999 በላንሴት መጽሔት አስታወቁ፤ በ2003 እና በ2005 ባወጧቸው ጥናቶች ደግሞ ትኩረታቸውን ወደ አዘገጃጀቱ አዞሩ። የጥናቶቹ ብልጫ «ጓያ በልተሃል ወይ?» ከማለት አልፈው «እንዴት ተዘጋጅቶ፣ ከምን ጋር?» ብለው መጠየቃቸው ነው። በውጤቱም ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ለበሽታው የመጋለጥን ዕድል ሲጨምሩ፣ እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ ግን አለመጨመራቸው ታየ። ጓያውን ከእህል ጋር የቀላቀሉ፣ ወጡንም በሽንኩርትና በዝንጅብል የሠሩ ሰዎች አደጋቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጓያ የሚጎድሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች በእህል ውስጥ መገኘታቸው ለዚህ አሳማኝ ምክንያት ይሰጣል።

ይህ ማለት ግን ጥናቶቹ እንከን የለባቸውም ማለት አይደለም። ሕሙማንንና ጤነኞችን ወደ ኋላ ተመልሶ በመጠየቅ የሚደረግ ጥናት በትዝታ ላይ የተመሠረተ ነው፤ እግሩ የተሳሰረበት ሰው የበላውን ከጤነኛው ይልቅ አብዝቶ ሊያስታውስ ይችላል። በተጨማሪም የሚቀላቅለው እህል ያለው ቤተሰብ በሌላውም ነገር የተሻለ ኑሮ ሊኖረው ስለሚችል፣ የመቀላቀልን ጥቅም ከሀብት ጥቅም ለይቶ ማየት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ግኝቶቹ ጠንካራ ጠቋሚዎች እንጂ የመጨረሻ ፍርድ ተደርገው መወሰድ አይገባቸውም።

ከዚህ ሁሉ አንጻር ሲታይ «አትብሉ» የሚለው ምክር ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው፣ ምትክ ሳያቀርብ መከልከሉ ነው፤ ጎተራው ባዶ ለሆነ አባወራ ይህ ምክር «ተራብ» ከማለት አይለይም። ሁለተኛው፣ በደህና ዓመት ጓያን በሽሮ መልክ ጥቂት በጥቂት በልተው ምንም ያልሆኑ ሰዎች ምክሩን ከራሳቸው ልምድ ጋር አነጻጽረው እንዲንቁት ማድረጉ ነው። የተናቀ ምክር ደግሞ በክፉው ዓመት አይሰማም። መርዛማነቱ የቀነሰ የጓያ ዝርያ ማሰራጨትም ተገቢ እርምጃ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ የኦዳፕ መጠን በድርቅ ይጨምራልና፤ ነፍሳትም የአበባውን ዱቄት ከማሳ ወደ ማሳ በማዛመት ዝርያውን ሊያዳቅሉት ይችላሉ።

የተሻለው መልእክት ዝርዝርና ሊፈጸም የሚችል ነው፤ ጓያን ለብቻው ለወራት ዋና ምግብ አለማድረግ፣ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ማቡካት፣ ከእህል ጋር መቀላቀል፣ እሸቱንና ቆሎውን ማራቅ። ይህም ቢሆን አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፤ ውኃና ማገዶ በጠፋበት ቤትም የሚፈጸም አይደለም። ስለሆነም የእርዳታ እህል ጓያ ብቻውን በቀረበት ወር እንጂ ሽባነቱ ከታየ በኋላ መድረስ የለበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ቤት ሲዘዋወሩ የጎተራውን ይዘት ቢጠይቁ፣ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ካምፓሶች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ጉዳዩን የምርምሩ አካል ቢያደርገው ጠቃሚ ይሆናል።

የጓያ ሽባነት ፈውስ የለውም። ዕድሜን እምብዛም አያሳጥርም፤ ነገር ግን በአብዛኛው ወጣት የሆነውን ሰው በአንድ ወይም በሁለት ምርኩዝ፣ ሲብስም በዳዴ ዕድሜ ልኩን ያኖረዋል። ፈውስ የሌለው በሽታ ሐኪሙን የሚፈልገው ከመከሰቱ በፊት ነው፤ ያኔ የሚሰጠው ምክርም ባዶ ማጀት ውስጥ ሊሠራ የሚችል መሆን ይኖርበታል።