እሱ ያስታውሳል፣ እሷ ትሞታለች

ሉስ ፕራይስ በየ17 ዓመቷ ትሞታለች። ትወለዳለች፣ ታድጋለች፣ ያንኑ ልጅ ታገኛለች፣ ትወደዋለች፤ ሲሳሳሙ ደግሞ በእሳት ነድዳ ትጠፋለች። ከዚያ በሌላ አገር፣ ከሌላ እናት እንደገና ትወለዳለች። ልጁ፣ ዳንኤል ግሪጎሪ፣ ከሰማይ የወደቀ መልአክ ስለሆነ አይሞትም። እሱ ሁሉንም ያስታውሳል፤ እሷ ምንም አታስታውስም። አሜሪካዊቷ ሎረን ኬት እ.ኤ.አ. በ2009 «ፎለን» ብላ የጀመረችው ተከታታይ የወጣቶች ልቦለድ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ጊዜው «ትዋይላይት» የተባለው የፍቅር ልቦለድ ገበያውን ያጥለቀለቀበት ነበር። የማይሞት ወንድና የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ የሌሉበት የወጣቶች የፍቅር መጽሐፍ አንባቢ የሚያገኝ አይመስልም ነበር። በዚያው ዓመት የወጣውን የአሊሰን ኖኤልን «ኤቨርሞር» ብናነሳ ክፍፍሉ ያው ነው፤ ወንዱ ለዘመናት ኖሯል፣ ልጅቷ ተመላልሳ ተወልዳለች፣ የኋላውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ዳግም ልደትን የያዙ የዚያን ዘመን የወጣት ልቦለዶች ሳነብ የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ያለፈ ሕይወት የልጅቷ ሀብት መሆን ሲገባው ልጁ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

«ፎለን» ላይ ይህ ገና ከመነሻው ይታያል። ሉስ አንድ ልጅ በእሳት ሞቶባት፣ እንዴት እንደሞተም ማስረዳት አቅቷት፣ ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና አጠገብ ወዳለ የጥፋተኛ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ትላካለች። ስልኳን ተቀምታ ግቢው ውስጥ እንደገባች ዳንኤልን ከሩቅ ታየዋለች። ፈገግ ይልላታል፤ ወዲያው ደግሞ የመሐል ጣቱን ቀስሮ ይሰድባታል። ምክንያቱን አንባቢ ያውቃል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ የሚከፈተው በ1854 እንግሊዝ ውስጥ፣ እሱ እሷን በሚያጣበት ትዕይንት ነው። እንድትርቀው የሚያስቀይማት እንዳትሞት ብሎ ነው። እሷ ግን ይህን ለማወቅ መጽሐፉን ከሞላ ጎደል መጨረስ አለባት። እስከዚያ የምትሠራው ሥራ መከተል፣ መመለስ፣ እንደገና መከተል ነው። አንድ ሰው የሌላውን ዕጣ እያወቀ አፉን ከዘጋ ነገሩ ጥበቃ ይባላል እንጂ ከሥልጣን አይለይም፤ ደራሲዋ ግን ይህን እንደ ጨዋነት እንድንቆጥርላት ትፈልጋለች።

ለምንስ ወደደችው? ይሥላል፣ ይዋኛል፣ መልኩ ያምራል። ተቀናቃኙ ካም ቢያንስ ሽርሽር ይጋብዛታል፣ ያዋራታል። በእሷና በዳንኤል መካከል ግን ፍቅር ሲሠራ አናይም፤ የተሠራው ድሮ ነው፣ እኛም እሷም ደረሰኙን ብቻ ነው የምናየው። የት ነበር የማውቅህ የሚል ስሜት በየምዕራፉ ይመጣል፤ ስሜቱ በመጣ ቁጥርም ደራሲዋ ሁለቱን ቁጭ አድርጋ ከማነጋገር ትገላገላለች።

ስለ ሞት ደግሞ የባሰ ችግር አለ። ሺህ ጊዜ የሞተች ልጅ አንድ ጊዜ ብትጨመር ማን ያለቅሳል? መጽሐፉ ውስጥ እውነት የሚያመው ሞት የፔን ነው። ፔን የሟቹ የግቢ ጠባቂ ልጅ ናት። አባቷ እዚያው ትምህርት ቤቱ መቃብር ውስጥ ተቀብሯል፤ እሷ የቢሮውን መዝገብ እየበረበረች ለሉስ መረጃ ታቀብላለች። ክንፍ የላትም፣ ያለፈ ሕይወትም የላትም። መጨረሻ ላይ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ሚስ ሶፊያ ስትገድላት ተመልሳ አትመጣም። ኬት ሳታስበው ይመስለኛል፣ ከመላእክቱ ሁሉ የበለጠ ክብደት ያለውን ሰው የፈጠረችው እዚህ ጋ ነው።

ችግሩ ለደራሲዋም ሳይገለጥላት አልቀረም፤ መፍትሔ አበጅታለታለች። በዚህኛው ሕይወቷ ሉስ አልተጠመቀችም፤ ስለዚህ አሁን ከሞተች መመለስ የለም። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና በምትነሳበት አገር ላደገ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልቦለዱ ግን በጥቂት መስመሮች ተናግሮት ያልፋል። ጥምቀት ለምን የመመለሻ መንገድ እንደሆነ፣ ቤተሰቧም ለምን እንደተወው የሚጠይቅ የለም።

ግሪጎሪ የሚለው ስምም ለእኛ ሩቅ አይደለም። በመጽሐፈ ሄኖክ የሰውን ሴቶች ተመኝተው የወረዱት ትጉሃን መላእክት መጠሪያ ነው። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ በቁርጥራጩ ነበር የሚያውቀው። እዚያ 200 መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ተማምለው ይወርዳሉ፣ ያገባሉ፣ ግዙፋን ይወልዳሉ። ግዙፋኑ የሰውን ጥሪት በልተው ሲጨርሱ ወደ ሰው ይዞራሉ። መላእክቱ ማሩን የሚል አቤቱታ ሄኖክን ያጽፉታል፤ አቤቱታው ውድቅ ይሆናል። የኬት መላእክት ይህ ሁሉ ዕዳ የለባቸውም። ከመላእክት የተወለዱት ልጆች በሁለተኛው መጽሐፍ «ቶርመንት» ሲመጡ በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ የሚማሩ ተጫዋች ተማሪዎች ናቸው። አንድ ነገር ግን ለኬት ልተውላት። ሄኖክ ላይ መላእክቱ በስም ተዘርዝረዋል፤ ያገቧቸው ሴቶች ስም ግን የለም። እሷ ታሪኩን ከሴቷ ወገን ልትነግረን ሞክራለች።

ሙከራው ፍሬ የያዘው በ2011 በወጣው ሦስተኛ መጽሐፍ፣ «ፓሽን» ላይ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲያስፈራሯት የኖሩት ጥላዎች ወደ ኋላ መግቢያ በር መሆናቸውን ሉስ ደርሳበታለች፤ ማንንም ሳታስፈቅድ ትገባባቸዋለች። ወደ 1941 ሞስኮ፣ ወደ 1918 ሚላን፣ ወደ 1723 ቬርሳይ፣ ግሎብ ቴአትር ወደተቃጠለበት የ1613 ለንደን፣ ወደ ጥንታዊት ቻይናና ግብፅ ትሄዳለች። ዳንኤል ከኋላዋ እየሮጠ በአንድ በር ይቀደማል። ተሳዳጁና አሳዳጁ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው፤ ይህ ብቻ ለተከታታዩ ሌላ ነፍስ ይሰጠዋል። ደግሞም ጥያቄዋ የበሰለ ነው፦ የምወደው ወድጄው ነው ወይስ ተረግሜ? በየዘመኑ የቆመችውን ራሷን ከውጭ ሆና ታያለች፤ ስትወድ፣ ስትቃጠል፣ ቤተሰቧን ጥላ ስትሄድ። በ«ቶርመንት» በቀድሞ ሕይወቷ እህቷ የነበረችን ሴት ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዳ ባገኘችበት ጊዜ የተጀመረው ሐዘን እዚህ ይሰፋል። ለእነዚያ እናቶችና እህቶች ሉስ የሚመላለስ ፍቅር አይደለችም፤ የሞተች ልጃቸው ናት።

የሚያሳዝነው ደራሲዋ እዚህ ላይ አለመርጋቷ ነው። እያንዳንዱ ዘመን ጥቂት ገጽ ተሰጥቶት እንደ ፖስት ካርድ ይገለበጣል። የሞስኮዋ ልጅ ከቬርሳዩዋ በልብስ እንጂ በአስተሳሰብ አትለይም። ጦርነት ውስጥ ያደገችና ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደገች ሴት ፍቅርን በአንድ ዓይነት ከፈሩት፣ በአንድ ዓይነት ከተመኙት፣ መወለድ መሞቱ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

በአራተኛው መጽሐፍ «ራፕቸር» ላይ ሁለቱ ትዝታቸውን አስረክበው ሟች ሰዎች ለመሆን ይስማማሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል የማያውቁ ሆነው ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። ኬት ለዚህ የሰጠችው ማጠቃለያ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን በአንድ እይታ ታፋቅራቸዋለች። ከተከታታዩ አንዱን ብቻ ለሚመርጥ «ፓሽን»ን እጠቁማለሁ፤ ጣጣው ግን የፊተኞቹን ሁለቱን ሳያነቡ እሱን መከተል አለመቻሉ ነው።