ጌታውን የካደ አገልጋይ፦ ራስን ስለ መዋሸት ከአንድ ልብ ወለድ

ካዙዎ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትሞ በዚያው ዓመት የቡከርን ሽልማት ያገኘበት «ዘ ሪሜይንስ ኦፍ ዘ ዴይ» ተራኪው ስቲቨንስ ነው። በአንድ የእንግሊዝ መኳንንት ቤት የአሳላፊዎች አለቃ፣ ጨዋ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር ሰው። ይሁንና የእርሱን ያህል ራሱን የዋሸ ገጸ ባሕርይ ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1956 በመኪና በሚያደርገው ጉዞ ላይ ሆኖ፣ የቀድሞ ጌታውን ሎርድ ዳርሊንግተንን ሁለት ጊዜ መካዱን ይተርክልናል፤ አንዴ ለአዲሱ አሜሪካዊ ጌታው እንግዳ፣ አንዴ መኪናው ተበላሽቶበት ለረዳው ሰው። ምክንያቱ ደስ የማይል ወሬ መሸሽ ብቻ እንደሆነ ይነግረናል። ግን ሎርዱ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የናዚ ጀርመን መሣሪያ ሆኖ ስሙ የጠፋ ሰው ነው። ስቲቨንስ ደግሞ የአገልጋይ ትልቅነት የሚለካው በሚያገለግለው ጌታ ትልቅነት ነው ብሎ ያምናል። ጌታው ከተሳሳተ የእርሱም ዕድሜ ባከነ ማለት ነው። ውሸቱን አስፈላጊ የሚያደርገው ይህ ስሌት እንጂ ተራ ፍርሃት አይደለም።

ኢሺጉሮ የተካነው ውሸቱ የት እንደሚያፈስ በማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በሎርዱ ቤት በተደረገው ጉባኤ ምሽት የስቲቨንስ አባት ፎቅ ላይ ይሞታል፤ ልጁ ታች መጠጥ ማቅረቡን አያቋርጥም። ሎርዱ የሚያለቅስ እንደሚመስል ሲነግረው የሥራ ድካም ነው ይላል። በኋላ ያንን ሌሊት የሚያስታውሰው በኩራት ነው። ትውስታውም አይታመንም። የቤቱ ሴት ሠራተኞች ኃላፊ ሚስ ኬንተን እያለቀሰች ነው ብሎ በሯ ላይ ቆሞ ያሰበበትን ጊዜ መጀመሪያ ከአክስቷ ሞት ጋር ያገናኘዋል። ብዙ ገጾች ቆይቶ ያርመዋል፦ ሌላ ሰው ልታገባ መስማማቷን የነገረችው ምሽት ነበር። ለቅሶዋ እርሱን እንዳይመለከት ቀኑን ራሱን አዛውሮት ነበር።

የእኛው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተመሳሳይ ሰው ከሌላኛው ወገን አሳይተውናል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ክብር ስም የልጃቸውን ጠያቂዎች ይመልሳሉ፤ ልጅቷም ዕድሜዋ ይገፋል። ስቲቨንስ ውሸቱን ለብቻው ሲሸከም፣ የፊታውራሪውን ግን ሥርዓቱ ሁሉ ያግዘዋል፤ እውነቱን የሚናገረው ካሣም «ጉዱ» ይባላል።

የልብ ወለዱ ብርቱ ቅጽበት ግን ስቲቨንስና ሚስ ኬንተን ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገናኙበት ነው። ከእርሱ ጋር ልትኖረው ትችል የነበረውን ሕይወት አንዳንዴ እንደምታስብ ትነግረዋለች። ለአንባቢው ልቡ መሰበሩን ያምናል፤ ለእርሷ ግን ፈገግ ብሎ፣ ያለፈውን መመለስ እንደማይቻል ተስማምቶ ይሸኛታል። ራሱን መዋሸት ያቆመበት ሰዓት እርሷን የዋሸበት ሰዓት ነው። ይህን ውሸት ከቀደሙት ጋር መቁጠር ስህተት ይመስለኛል፤ እዚህ ላይ የሚዋሸው እውነቱን አውቆ፣ ባለትዳሯን ሴት እንዳያስጨንቅ ነው።

በመጨረሻ ጌታው ቢያንስ የራሱን ስህተት እንደሠራ፣ እርሱ ግን ያንንም እንዳልቻለ በዌይማውዝ ከተማ ለማያውቀው ሰው ይናገራል። ወዲያው ግን አዲሱን ጌታውን ለማስደሰት ቀልድ ለመለማመድ ይወስናል። ይህን ውሳኔ እንደ ተስፋ የሚያነቡ አሉ። እኔ ግን ያነበብኩት ወደዚያው አገልጋይነት እንደ መመለስ ነው፤ ስቲቨንስ አሁንም የዋጋውን መለኪያ በሌላ ሰው እጅ አስቀምጧልና።