«ደረቀ» የሚለው ግሥ በሲሚንቶ ላይ

በልደታ ሠፈር፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመውና በሕዝብ አጠራር ሕንጻ ኮሌጅ የሚባለው የትምህርት ተቋም ይገኛል፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የግንባታ ቁሶችን ፊዚካዊና ኬሚካዊ ባሕርይ መመርመር ከሙያው ዐበይት ክፍሎች አንዱ ነው። ከቤተ ሙከራው ደጅ ሲወጣ ግን የዕውቀቱ ማስተላለፊያ አማርኛ ነውና፣ አንድ ግሥ ሲያሳስት እናያለን። «አርማታው ደርቋል፤ ጣውላው ይነሣ» ይባላል። ይኸው አነጋገር በጽሑፍና በትርጉም ሥራ ሲደገምም እንሰማለን።

የቃሉ መነሻ ግልጽ ነው። ጭቃ ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ሰንብቶ ይመረጋል፣ ውሃው ይተንናል፤ ግድግዳውም በእውነት ይደርቃል። ዝናብ ቢያገኘው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፤ ለውጡ ፊዚካዊ ነውና። «ደረቀ» ከዚህ የተወለደ፣ ለዚህም የተገባ ቃል ነው።

ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ውሃው ሲለየው አይደለም፤ ውሃው ከሲሚንቶው ጋር በኬሚካዊ መንገድ ሲዋሐድ ነው። በውሃ ውስጥ ተዘፍቆም ይጠነክራል። ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ ለፍተሻ የሚዘጋጀው፣ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአርማታ ኩብ በ28ኛው ቀን በመጨፍለቂያ መኪና እስኪፈተን ድረስ የሚቆየው በውሃ ገንዳ ውስጥ ነው። ከገንዳ የወጣውን ኩብ «በሚገባ የደረቀ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ምን ማለቱ ይሆን? ጉዳዩ የቃላት ቅንጦት አይደለም። «ደርቋል» የተባለ ሠራተኛ ውሃ ማጠጣቱን ይተዋል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ርጥበቱን ያጣ አርማታ ደግሞ ውሕደቱ ይቋረጣል፤ ይሰነጠቃል፤ የታሰበለትን ጭነትም ላይችል ይችላል።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ሙያዊ ቃል፣ «ኪዩሪንግ» የሚባለው፣ ተርጓሚውን ይበልጥ ያሳስተዋል። ቃሉ በሌላ ቦታ መፈወስን፣ እንዲሁም ሥጋን በጨውና በጢስ ማቆየትን ያመለክታል። ቋንጣን እያሰበ «ማድረቅ» ብሎ የተረጎመው ሰው የትእዛዙን ተቃራኒ ጻፈ ማለት ነው። በበኩላችን ለጽሑፍ «ርጥበት ጥበቃ» የሚለውን እንመርጣለን፤ እርጥብ ጆንያ ማልበስንም ይጨምራልና። የግንበኞቹ «ማጠጣት» ግን ለድርጊቱ እጅግ ያማረ ነው፤ አርማታውን ገና እንደሚያድግ ተክል ያስቆጥረዋል።

ፈሳሽነቱን ለቆ የመጀመሪያ ቅርጹን ለሚይዝበት ሁኔታም ግንበኞች «ያዘ»፣ «አልያዘም» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። «ረጋ» ታስቦልን ነበር፤ እርጎ ውሃው ሳይተን ይረጋልና። ይሁን እንጂ ቅቤም ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ሲሞቅ ይቀልጣል። የተያዘ ሲሚንቶ ግን አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ «ያዘ»፣ ቀጥሎ በቀናትና በሳምንታት «ጠነከረ» ቢባል፣ ሁለቱ ደረጃዎች ሳይደባለቁ ይቀመጣሉ።

በእንግሊዝኛም ተራው ሰው ሲሚንቶ ደረቀ ይላል የሚሉን አሉ። እውነት ነው። የሙያው ጽሑፍ ግን መያዝን፣ መጠንከርንና መድረቅን በሦስት ቃላት ይለያል፤ እኛም የምንናገረው ስለ ሙያ ጽሑፍ ነው።

ኖራ ከሁለቱ መካከል ነው። በውሃ የበረደ ኖራ ውሃው ይለቀዋል፤ ደግሞም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። የጎንደር ግንቦች ድንጋዮች የተያያዙት በዚህ ነው። ለኖራ «ደረቀ» ግማሽ እውነት ይሆናል። ጀሶ ግን ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ ከሲሚንቶ ወገን ነው፤ «ያዘ» ይገባዋል። የዘይት ቀለምም እንዲሁ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ የሚጠነክር እንጂ ውሃ የሚተንንበት አይደለም፤ ለእርሱ የሚስማማውን ግሥ ከቀለም ቀቢዎች አፍ መስማት ይኖርብናል።