ለመካኒኩ ያልተጻፈው ምስጋና

የኩባ አብዮት ድል ካደረገ በኋላ አንድ መጽሐፍ ከኩባ ተነሥቶ ወደ ፔሩ ዋና ከተማ ወደ ሊማ ተላከ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1960 የታተመው የሽምቅ ውጊያ መመሪያ ሲሆን፣ ላኪው ደራሲው ራሱ፣ የእኛም አገር የስድሳዎቹ ተማሪዎች ስሙን ጠንቅቀው የሚያውቁት ቼ ጉቬራ ነው። ተቀባዩ ደግሞ ዶክተር ሁጎ ፔሴ የሚባሉ የሥጋ ደዌ ሐኪም ነበሩ። ላኪው በእጁ ባሰፈረው ማስታወሻ፣ እኒህ ሰው ምናልባት ሳይታወቃቸው ለኑሮና ለኅብረተሰብ ያለውን አመለካከት በብርቱ እንደለወጡት መስክሯል። አንድ የታወቀ ሰው ለሠራው ሰው ያቀረበው ምስጋና እንዲህ ባለ አጭር ጽሑፍ ሲገለጽ ደስ ይላል። ዳሩ ግን በዚያው የሕይወት መንገድ ላይ ምስጋና ሳይደርሳቸው የቀሩ ሰዎችም አሉ፤ የዛሬው ጽሑፌ በአመዛኙ ስለ እነርሱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሞተር ሳይክል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1952፣ በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1944 መጨረሻ፣ የ23 ዓመቱ የሕክምና ተማሪ ኤርኔስቶ ጉቬራና የ29 ዓመቱ ባዮኬሚስት አልቤርቶ ግራናዶ አንዲት ያረጀች ኖርተን 500 ላይ ተፈናጠው ቦነስ አይረስን ለቀቁ። ሞተሯን «ኃያሏ» ይሏታል። ኃያሏ ግን ከቺሌ አላለፈችም፤ ሳንቲያጎ ላይ ጥለዋት በጭነት መኪናም፣ በመርከብም፣ በእግርም እያሉ ቬኔዙዌላ ደረሱ። የወጣቱ የጉዞ ማስታወሻ ለኅትመት የበቃው ከሞተ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ብራዚላዊው ዳይሬክተር ዋልተር ሳሌስ ይህንኑ ከግራናዶ ማስታወሻ ጋር አጣምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 «የሞተር ሳይክል ማስታወሻ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ።

ይህን ፊልም በቅርቡ እንደገና ያየሁት ወላይታ ሶዶ ላይ፣ ከአንድ ባለሞተር ጋር ሆኜ ነው። ሶዶን የሚያውቅ አንባቢ አይገረምም። ከተማዋ ከዳሞታ ተራራ ሥር ሆና ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከሁምቦና ከገሱባ የሚመጡት መንገዶች ይገናኙባታል። አስፋልቱ ካበቃ በኋላ፣ በእንሰቱና በቦይናው መካከል በሚሄደው ቀይ የአፈር መንገድ፣ ሕመምተኛውንም ነጋዴውንም ለቀብር የሚቸኩለውንም የሚያደርሰው ሞተር ነው። የእኔ እንግዳ የሞተሩ የጭቃ መከላከያ ላይ የቼን ምስል ለጥፏል፤ ማን እንደሆነ ግን አያውቅም። «ጀግና ነው ይላሉ» አለኝ። ይህን ፊልም ለመመዘን ከሲኒማ ተማሪ ይልቅ እርሱ ይሻላል ብዬ ጋበዝኩት።

ስለ ተዋንያኑ ጥቂት ልበል። ጋኤል ጋርሲያ ቤርናል ኤርኔስቶን ሆኖ ሲጫወት መልኩም ዝምታውም ይማርካል፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ትዕይንት አንሥቶ ነገ ታላቅ ሰው እንደሚሆን የሚያውቅ ይመስላል። ፊልሙን በትከሻው የተሸከመው ግራናዶን የሚጫወተው ሮድሪጎ ዴ ላ ሴርና ነው። (በነገራችን ላይ ይኸው ተዋናይ የእውነተኛው ቼ የሩቅ ዘመድ ነው።) ይበላል፣ ይዋሻል፣ ይጨፍራል፣ ይናደዳል፤ ሰው ነው። እውነተኛው ግራናዶም ለቼ የጉዞ ጓደኛ ብቻ አልነበረም። ቀደም ብሎ፣ አስም የሚያፍነውን ልጅ ሌሎች ሲጠራጠሩት፣ በሚያሠለጥነው የራግቢ ቡድን ውስጥ ያስገባው እርሱ ነው። የሚታነቅን ልጅ «ና ሩጥ» ያለ ሰው ውለታው ቀላል አይደለም።

ውለታ የሚለውን ቃል የመረጥኩት አውቄ ነው። በቋንቋችን ምስጋናና ውለታ ለየቅል ናቸው። ምስጋና ቃል ነው፤ ይነገራል፣ ያልፋል። ውለታ ግን ይዋላል፣ ይቆጠራል፣ ይመለሳል፤ ሰው በውለታ ይታሰራል፤ ያልመለሰ ውለታ ቢስ ይባላል። ፊልሙን በዚህ ቃል ስንለካው ሁለት ትዕይንቶች ጎልተው ይወጣሉ።

አንደኛው በደቡብ ቺሌ የሆነው ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ገንዘባቸው ተሟጦ፣ ሞተራቸው ተሰባብሮ አንድ ጋራዥ ይደርሳሉ። ቀደም ብለው ለአካባቢው ጋዜጣ ራሳቸውን የታወቁ የሥጋ ደዌ ሊቃውንት አድርገው አስወርተዋል። መካኒኩ በአክብሮት ተቀብሎ ሞተሩን ያበጅላቸዋል፤ ማታም ወደ ጭፈራ ይወስዳቸዋል። እዚያ ጠጅ ቢጤ ሞቅ ያደረገው ኤርኔስቶ የዚያኑ ደግ ሰው ሚስት ወደ ውጭ ይዟት ሊወጣ ሲል ነገሩ ይፈነዳል። ጭፈራ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶባቸው ሮጠው ያመልጣሉ። ተመልካች በዚህ ቦታ ይስቃል፤ ሳሌስም የቀረጸው እንዲሳቅበት ነው፤ ሩጫው፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም ነገር «ሳቁ» ይላል።

የሶዶው ባለሞተር አልሳቀም። «መካኒኩን?» አለ። «የሠራለትን ሰው?»

ከዚያ በኋላ ፊልሙን አቁመን ስለ ራሱ አወራን። ከአረካ ወዲያ ካለች ቀበሌ የመጣ ነው፤ የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ የሚከፋፈል አልሆነም። መንዳት ያስተማረው መናኸሪያው አካባቢ የሚሠራ መካኒክ ነው። ካንዴላ ማጽዳትን፣ ፍሬን ማጥበቅን፣ በክረምት ጭቃ ቁልቁለትን በማርሽ መውረድን ያወቀው ከእርሱ ነው። ገንዘብ ባጠረው ጊዜ መካኒኩ በዱቤ ይሠራለታል፤ ዱቤውን የሚጽፈው ደግሞ በሲጋራ ካርቶን ላይ ነው፤ ካርቶኑ ሲጠፋ ዕዳውም አብሮ ይጠፋል። ለካ ቺሌያዊው መካኒክ ለዚህ ልጅ ስም አልባ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ነበር። አንድ የፊልም ሃያሲ በብዙ ገጽ የማይነግረንን በሁለት ጥያቄ ነገረኝ፦ ይህ ሥራ ምስጋናውን ለሐኪም ሲሰጥ ለእጀ ዘይት ሠራተኛው የሚሰጠው ሳቅ ነው።

ሁለተኛው ትዕይንት የዶክተር ፔሴ ስንብት ነው። ሐኪሙ በሊማ ወጣቶቹን መግበዋል፣ ማረፊያ ፈልገውላቸዋል፣ በአማዞን ወንዝ ዳር ወደሚገኘው የሳን ፓብሎ የሥጋ ደዌ መንደርም መንገዱን ከፍተውላቸዋል። እርሳቸውም የጻፉት መጽሐፍ ነበርና በመጨረሻው ሰዓት አስተያየት ይጠይቃሉ። ግራናዶ ለማለሳለስ ይሞክራል፤ ኤርኔስቶ መጽሐፉ ደካማ መሆኑን ፊት ለፊት ይነግራቸዋል። ሐኪሙ ይደነግጣሉ፤ አይቀየሙም። በእኛ አገር ደንብ እንጀራውን የበሉለትን ሽማግሌ እንዲህ መናገር ነውር ነው። እኔ ግን ከፊልሙ ሁሉ የማከብረው ይህን ትዕይንት ነው፤ ከዓመታት በኋላ የተላከውን የመጽሐፍ ስጦታም ቁም ነገር የሚሰጠው ይኸው ነው። ያልዋሸ ሰው ሲያመሰግን ይታመናል።

ይሁን እንጂ ሳሌስ አንድ ነገር አልፎታል። ኤርኔስቶ እውነቱን የተናገረው በማግሥቱ ስለሚሄድ ነው። ሐኪሙም ከልጁ የሚጠብቁት ምንም ጥቅም አልነበረም። የእኔ ባለሞተር ሞተሩ የአጎቱ ነው። አጎቱ ከሥራ አጥነት አውጥቶታል፤ እርሱም በየምሽቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ሞተሩ ጋራዥ በዋለበት ቀንም ገቢው አይቀነስም። ይህ አግባብ አለመሆኑን ለአጎቱ ነግሮት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ባለውለታዬ ነው» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ማታ ማታ ወደዚያው ደጅ የሚመለስ ሰው እንደ ኤርኔስቶ አይናገርም። ፊልሙ ቅንነትን የጀግና ተፈጥሮ አድርጎ ሲያሳየን፣ ቅንነት የመንገደኛ ዕድልም መሆኑን ይደብቀናል።

ለሳሌስ ፍርድ እንዳላጎድል ስለ ጥቁርና ነጭ ምስሎቹም ማንሣት አለብኝ። በፊልሙ ውስጥ ሠራተኞች፣ ገበሬዎችና ማዕድን ቆፋሪዎች ከካሜራው ፊት ለፊት ቆመው፣ እንደ ፎቶግራፍ ሳይናገሩ ያዩናል። እነዚህ ምስሎች መንገደኞቹን ላሳደሩት፣ ለመገቡት፣ ለጫኑት ሁሉ የቀረበ የዝምታ ምስጋና ናቸው፤ ውብም ናቸው። ግን ዝም ብለው የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ንግግሩ ለልጁ ተትቷል፤ በሳን ፓብሎ 24ኛ ዓመቱን ሲያከብር ስለ አሜሪካ አህጉር አንድነት ይናገራል፤ ከዚያ በሌሊት ወንዙን ይዋኛል። ከዚህ ጀምሮ ፊልሙ ሰው ማሳየቱን ትቶ ሐውልት ማቆም ይጀምራል፤ መንገድ ላይ የተገኙትም ሁሉ ለሐውልቱ ደረጃ ይሆናሉ።

ሐውልቱ ደግሞ ጥላ አለው። ያ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1959 የላ ካባኛ ምሽግ አዛዥ ሆኖ በብዙ ሰዎች ላይ የተፈረደውን የሞት ቅጣት አጽድቋል፤ በ1967 እርሱም ቦሊቪያ ውስጥ ተይዞ ተገደለ። በአብዮት ስም ልጆቹን የቀበረ አገር ተመልካች ይህን ሳያስብ ሊያልፍ አይችልም። ለባለሞተሩም ይህን ሁሉ ነገርኩት። ተለጣፊውን አልላጠውም፤ «ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው» አለኝ።

በመጨረሻው ምስል ላይ እውነተኛው ግራናዶ፣ ሸምግሎ፣ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሃቫና ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ ስለ ጓደኛው መናገር አልተወም ነበር። ባለሞተሩ ከፊልሙ ሁሉ ይህን ሽማግሌ ወደደው፤ ፊቱን መልሼ እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ መለስኩለት።

ያን ሰሞን ጊፋታ ተቃርቦ ነበር። በወላይታ ወንዶች ለበዓሉ በሬ ዓመቱን ሙሉ በጋራ ያጠራቅማሉ፤ የተጣላም ይታረቃል። ልጁ በዚያ ዓመት የገባው በመካኒኩ ማኅበር ነው። አጎቱ በሌላ ማኅበር ናቸው። ገቢውን ነገር ከበዓሉ በፊት ያነሣው እንደሆነ ስጠይቀው፣ መካኒኩ አብሮት ሄዶ እንዲናገርለት መለመኑን ነገረኝ።