ከጣርማ በር አፋፍ

ደሴ መንገድ ላይ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ሲደረስ፣ አምባው ድንገት ያልቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ አፋፍ ሥር ወደ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አለ፤ ፋሽስት ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው። ሞሶሎኒ ዋሻ ይሉታል። ስሙ ቢከብደኝም ድንጋዩን የፈለፈለውን የሰው ጉልበት ግን አከብራለሁ።

የወረዳው ስምም ጣርማ በር ነው። የማደንቀው ይህን ወረዳ ነው። ብዙውን ጊዜ ወሰን ሲበጅ ደገኛው ለብቻው፣ ቆለኛው ለብቻው ይቀራል፤ ጣርማ በር ግን ሽቅብና ቁልቁሉን አንድ ላይ ይዟል። ላይ መዘዞ፣ ገብስና በግ፣ አጥንት የሚሰብር ውርጭ (ያውም በሐሩር ክልል ውስጥ!)። ታች አርማኒያ፣ ማሽላና ሙቀት። ዋናው ከተማ ደብረ ሲና ከሁለቱ መሐል፣ ተዳፋቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለጉዳይም ከላይ ወርዶ ወይም ከታች ወጥቶ እዚያ ይገናኛል። መንገደኛ ግን ደብረ ሲናን የሚያውቃት በቆሎዋ ነው፤ መኪና ገና ሳይቆም ሻጮቹ መስኮቱን ይከብቡታል።

ዝናቡም እዚህ ይከፈላል። ከአፋፉ ወደ ምዕራብ የወረደው በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ግብፅ ድረስ ይጓዛል። ወደ ምሥራቅ የተንሸራተተው አዋሽን ተከትሎ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፤ ባሕር አያይም።