የደብር ካብ እንደ ጥበብ ሥራ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ ለሚጓዝ ሰው፣ ታርሶ በተራቆተው ምድር መካከል በጽድና በወይራ የተከበበ ደብር ከሩቅ ይታየዋል። ስለ አየር ጠባይ መለወጥ በሚነገርበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለው ደን በዓለም ዘንድ የታወቀው በተለይ ከሰማይ በተነሡ ፎቶግራፎች ነው። ፎቶግራፎቹ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን የሠሪውን እጅ ይሰውራሉ።

በእኛ አስተያየት ጥበቡ በካቡ ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር በበርካታ ደብሮች ምእመናን ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ፣ በደኑ ዙሪያ ካብ ክበዋል። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፤ ደኑም ከከብት ይጠበቃል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር ለዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት፣ በዚሁ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው፣ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ብዙ እንደማይቆይ አስረድተዋል። እንግዲህ የዘንድሮውን ቡቃያ ፍየል ከበላችው፣ ከሥር የሚጠብቅ ሌላ ዘር የለም።

እንግሊዛዊው አንዲ ጎልድስወርዚ በ1997 እና በ1998 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በስቶርም ኪንግ በዛፎች መካከል የሚጠማዘዝ የድንጋይ ካብ አሠርቶ ተመስግኗል፤ ይገባዋልም። የእርሱ ካብ ለቆሙት ዛፎች መንገድ ይለቃል። የደብሩ ካብ ግን ገና ላልበቀሉት ስፍራ መተው ይኖርበታል፤ የዛሬውን የደን ጠርዝ ተከትሎ ከተካበ፣ ማረሻ ያስቀረውን ቍራሽ ድንበር አድርጎ ያጸናዋልና። ስለዚህ ከዛፎቹ ጥቂት ራቅ ብሎ የተካበውን እናስበልጣለን። ለዚህም አዋሳኙ ገበሬ ከእርሻው ጥቂት መልቀቅ አለበት፤ በዚያ ደጋ መሬት እንዴት እንደ ጠበበ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ልመና አይደለም።