ስለ ኦርዮ ደም፤ ያዘዘና የታዘዘ በደሉን እንዴት ይካፈሉታል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በ2ኛ መጽሐፈ ሳሙኤል በምዕራፍ 11 የተጻፈውን የኦርዮን ሞት ያላነበበ ካህን፥ ሲነበብም ያልሰማ መኰንን አይገኝም። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወሰደ፤ ነገሩም እንዳይገለጥበት ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲገባ አባበለው። ኦርዮ ግን ታቦቱና ሠራዊቱ በሜዳ ሳሉ በቤቱ መተኛትን እንቢ ባለ ጊዜ፥ ንጉሡ የሞቱን ትእዛዝ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ሰደደለት። ኢዮአብም ደብዳቤውን አንብቦ ፈጸመ።

በዚህ ታሪክ የዳዊት ኃጢአትና ንስሓ ብዙ ተተርጕሟል፤ የኢዮአብ ነገር ግን ሳይመረመር ይታለፋል። ቢጠየቅም አንዳንዶች «ኢዮአብ የታዘዘ ሎሌ ነው፤ የጌታውን ቃል ቢፈጽም ምን በደል አለበት? ዕዳው ያዘዘው ነው» ይላሉ። ሌሎችም «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ይዘው፥ በጦርነት ሰው መሞቱ የማይቀር ነው በማለት ዳዊትን ያድናሉ። እነዚህ ሁለት አሳቦች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከገዳዮቹ አንዱን ንጹሕ ያደርጋሉና። በዚች አጭር ጽሕፈት የምንነቅፋቸው ስለዚህ ነው።

አስቀድመን የኢዮአብን ሥራ እንመልከት። የንጉሡ ትእዛዝ ኦርዮን ሰልፍ ከጸናበት አቁመው ከኋላው እንዲሸሹ ነበር። ኢዮአብ ግን ኦርዮን ኃያላን ጠላቶች ባሉበት ስፍራ አቆመው፤ የከተማውም ሰዎች ወጥተው በተዋጉ ጊዜ ከዳዊት ሎሌዎች ሌሎች ሰዎች አብረውት ወደቁ። ንጉሡ የአንድ ሰው ደም ፈለገ፤ ኢዮአብ የሌሎችን ደም ጨምሮ ሰጠው፤ የእነዚያም ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። ከዚህ በኋላ ንጉሡ ስለ ሠራዊቱ ሞት ቢቈጣ የኦርዮን ሞት እንዲነግረው መልእክተኛውን አስተማረው። ይህም ኢዮአብ የሚሠራውን ዐውቆ እንደ ሠራ ያስረዳል፤ በየዋህነት የሠራ ሰው ለቍጣ ማብረጃ የሚሆን ቃል አስቀድሞ አያዘጋጅምና። ንጉሡም በበኩሉ ሰይፍ ማንንም እንደሚበላ አስታውሶ፥ በዚህ ነገር እንዳያዝን ወደ ኢዮአብ ላከበት። ስለዚህ ሁለቱ በደሉን ለሰይፍ ሰጡት፤ ሰይፍ አፍ የለውምና አልመለሰላቸውም።

ነቢዩ ናታን ግን ይህን ማመካኛ አልተቀበለም። በምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈ፥ ኦርዮን የመታው የአሞን ልጆች ሰይፍ ሲሆን ገዳዩ ዳዊት ራሱ እንደ ሆነ ገልጦ ነገረው። በዚህ ቃል «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ወደቀ።

«እንግዲያስ ናታን ኢዮአብን ስለ ምን አልወቀሰውም? ዳዊትስ ሊሞት ሲል ለሰሎሞን በተናዘዘ ጊዜ የአበኔርንና የአሜሳይን ደም በኢዮአብ ላይ ቈጥሮ የኦርዮን ደም ስለ ምን ሳይቈጥር ቀረ?» የሚል ቢኖር፥ ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን ዝምታ ፍርድ አይደለም። ናታን የተላከው ወደ ንጉሡ ነው። ዳዊትም ኢዮአብን በኦርዮ ደም ሊከሰው አፍ አልነበረውም፤ የራሱን ደብዳቤ በኢዮአብ እጅ አኑሯልና። አንድም፥ ስለዚህ ደም እርሱ ራሱ ንስሓ ገብቶበታልና በሌላው ላይ ሊጥለው አልወደደም። በሁለቱም ትርጓሜ ኢዮአብ ንጹሕ ነው የሚል ቃል አይገኝም።

ደግሞም ኢዮአብ እንቢ ማለትን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ንጉሡ ለልጁ ለአቤሴሎም እንዲራሩለት በሕዝብ ፊት ሲያዝ፥ ኢዮአብ ትእዛዙን ተላልፎ ገደለው። ሕዝቡ ይቈጠር ባለ ጊዜም ተከራከረው፤ የንጉሡን ነገር ጠልቶ ሌዊንና ብንያምን ሳይቈጥር እንደ ቀረ በ1ኛ ዜና መዋዕል በምዕራፍ 21 ተጽፏል። በወደደው ነገር ንጉሡን እንቢ ያለ ሰው፥ በኦርዮ ጊዜ «የታዘዝሁ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል?

እንቢ ያሉ ሌሎችም አሉ። ሳኦል የኖብን ካህናት ይገደሉ ባለ ጊዜ በዙሪያው የቆሙት ሎሌዎች እጃቸውን አላነሡም። አላመፁበትም፥ አልሰደቡትም፤ ነገር ግን አልገደሉም። የገደለው ኤዶማዊው ዶይቅ ነው። የሟቾቹም ቍጥር በዕብራይስጡ 85፥ በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ 305 ይላል። ከሞት ያመለጠው አብያታር ወደ ዳዊት በሸሸ ጊዜ፥ ዳዊት አላዘዘም፥ አልገደለምም፤ ዶይቅ በዚያ ሲያየው ዝም በማለቱ ብቻ የአባትህ ቤት በእኔ ምክንያት ጠፋ ብሎ በራሱ ላይ ፈረደ። በስደት ሳለ ጥቂቱን በደል እንደ ብዙ የቈጠረ ሰው፥ በዙፋን በተቀመጠ ጊዜ ብዙውን ለሰይፍ ሰጠ። ከዚህ የበለጠ ለባለ ሥልጣን የሚያስፈራ ንባብ የለም።

የካህናት ሞት ለእኛ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1929 ዓ.ም. በግንቦት ወር የኢጣልያ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት እንዲገደሉ አዘዘ፤ ጄኔራል ማሌቲ ፈጸመ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኰሳትና ሌሎች 23 ሰዎች እንደ ተገደሉ አስታወቀ፤ ጥቂት ቀን ቈይቶም 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ኋላ የመረመሩት ግን የሟቾቹ ቍጥር ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። ማሌቲ በ1933 ዓ.ም. በግብፅ በረሓ በጦርነት ሞተ፤ ግራዚያኒም በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ችሎት ከጀርመኖች ጋራ ስለ ማበሩ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ተፈታ፤ ስለ ኢትዮጵያ ደም ግን በፍርድ ቤት አልተጠየቀም። ከእነዚህ ከሁለቱ ማንኛው ነው ንጹሕ? ያዘዘው እጄን አላነሣሁም፥ የፈጸመው አሳቡ የእኔ አይደለም ቢሉ፥ መነኰሳቱን ማን ገደላቸው? በመስከረም 1939 ዓ.ም. በኑረምበርግ የፈረዱት ዳኞች፥ የአለቃ ትእዛዝ ቅጣትን ሊያቀል ቢችልም ከበደል እንደማያነጻ አጽንተዋል። ይህን ግን ከእነርሱ አስቀድሞ የሳኦል ሎሌዎች ዐውቀውታል።

ይህን ስንል ሁሉ በአንድ ሚዛን ይመዘን ማለታችን አይደለም። የጌታውን ፈቃድ ያወቀ ሎሌና ያላወቀ ሎሌ ቅጣታቸው ልዩ ልዩ እንደ ሆነ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ተጽፏል። ምክሩን ሳያውቁ ከኦርዮ ጋራ የወደቁት ወታደሮች ንጹሓን ናቸው። ዐውቆ የፈጸመ ግን የአለቃውን በደል እንደ ካባ ለብሶ ሊሸሸግበት አይችልም። እንጀራ ሲካፈሉት ያንሳል፤ የንጹሕ ደም ዕዳ ግን ቢካፈሉት አያንስም፥ ለእያንዳንዱ ሙሉውን ይደርሰዋል።

እንግዲህ እናንተ መኳንንት፥ ስታዝዙ የትእዛዛችሁን ፍጻሜ አስቡ፤ ስትታዘዙም ከደብዳቤው ማኅተም በፊት በውስጡ ያለውን ነገር ተመልከቱ። እናንተም ካህናት፥ የንስሓ ልጃችሁ ሰይፍን ወይም አለቃውን ወይም ዘመኑን ከሶ ራሱን ሳይከስ ሲመጣ፥ ወዳጅነቱን ፈርታችሁ ዝም አትበሉ። ዳዊት የዳነው ናታን ስለ ተናገረው ነው፤ ኢዮአብን ግን ስለ ኦርዮ ደም የተናገረው ሰው አልተጻፈም፥ ንስሓውም አልተጻፈም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።